አያ ፈንታሁንና ከየትም ያልመጣው ግራዝማች

አታምኑኝም፣ ግን ልንገራችሁ። ስሙን መጻፍ የማይችል፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ኮምፒውተርን እንደ ምስክር አቁሞ ሲመረምር፣ ኮምፒውተሩም ሰው በተሰበሰበበት ጥፋቱን ሲያምን በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ አይቻለሁ። እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ፣ ሃዳር ጋኒም ሰፈር፣ ሞአዶን በሚሉት የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ባይህ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ስዋሽ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኛል፣ እውነት ስናገር ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሽማግሌው አያ ፈንታሁን ናቸው። ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶው ኤን ጋኒም ልጃቸው ቤት ነበር፤ መጪው ሁሉ ስለሳቸው አንድ አንድ ነገር ሲያወራ እኔም ተነሣሁ። ገና ወደ ዋናው ነገር ሳልገባ ልጃቸው «በሰደር ባይህ፣ በሰደር፣ ተቀመጥ» አለችኝ፤ እሺ፣ እሺ ማለቷ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስቀምጠኝ የለም።

የተዋወቅነው ፋብሪካው ሰፈር፣ ሰጉላ ነው፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ። እኔ መልገዛ እነዳለሁ፤ ያቺ ዕቃ ከፍ አድርጋ መደርደሪያ ላይ የምትሰቅለው ባለ ሹካ መኪና። በአካባቢው እንደኔ የሚነዳት የለም፤ የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ይይ። እሳቸው ደግሞ ወለል ይጠርጉ ነበር። ዕብራይስጣቸው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ግን ሁለት ቃል ከማናችንም በላይ አሳምረው ያውቁ ነበር፦ «ራኢታ?» እና «ሻማዕታ?»። አየህ? ሰማህ?

አንድ ጊዜ የመጋዘኑ ትልቁ በር ተገጭቶ ተገኘ። አለቃው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ጮኸ። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አንድ ጸጥተኛ ጆርጅያዊ ቀሰረ። አያ ፈንታሁን መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡና ከመጀመሪያው ሰው ጀመሩ።

«ራኢታ?»

«አይ፣ አላየሁም።»

«ሻማዕታ?»

«አዎ፣ ሰማሁ።»

«ከማን?»

ያኛው ወደዚህኛው ጠቆመ፣ ይህኛው ወደዚያኛው። እሳቸው ወሬውን ከሰው ወደ ሰው እየተከተሉ ሄዱ፣ ሄዱ፣ መጨረሻ ላይ ወሬው ዞሮ መጀመሪያው ሰው ላይ ቆመ። ያየ አንድም የለም። አለቃው ራሱን ነቅንቆ ሄደ፣ ጆርጅያዊውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ከሳቸው ጋር ነበር የሚበላው። በሩን ማን ገጨው ያላችሁ እንደሆነ፣ እሱን እንተወው። መልገዛ የሚነዳ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። በፈረደባቸው ዓለም ውስጥ ወለል ጠራጊ፣ በኛ መሃል ግን ዘር ቆጣሪ። በኛ በቤተ እስራኤል ወግ ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባቱ ቤት ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ጋብቻ የለም፤ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። አያ ፈንታሁን የደምቢያን ሰው፣ የወገራን ሰው፣ ከስሜን የመጣውን ሁሉ በራሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ሲቆጥሩ ታዲያ እጃቸውን ማየት ነው። ቀኝ እጅ የወንዱ ወገን፣ ግራ እጅ የሴቷ ወገን። አውራ ጣታቸው በየጣቱ አንጓ ላይ እየወጣ ከቀኝ አንድ ስም ይጠራሉ፣ ከግራ አንድ ስም፣ እንደገና ከቀኝ። «ይሄ የሱ፣ ይሄ የሷ» አይሉም። እጅ እየታየ ምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ወደ ሥራዬ ማለቴ ነው።

ሞአዶኑ ውስጥ ኦሽራት የምትባል ራካዜት አለች፣ የፕሮግራሙ አስተባባሪ። የኛው ልጅ ናት፣ እዚህ የተወለደች፤ በአማርኛ ስትጠየቅ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። የሽማግሌዎቹን ታሪክ እየቀረጸች፣ ቀረጻውን ለዚያ ለአዲሱ ነገር ትሰጠዋለች። እዚህ ቢና መላኩቲት ይሉታል፣ የአገር ቤት ሬድዮ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ይለዋል፣ አያ ፈንታሁን ደግሞ «ለፍላፊው» ይሉት ነበር። እሱ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፣ ይተረጉማል፣ የዘር ሐረግ ይሥላል፣ ፎቶ ለሌለው ሰው ፎቶ ያወጣለታል። ለዚህ ሁሉ ኦሽራት ኮምፒውተርም አማርኛም የሚችል ሰው ፈለገች። ማን አለ ከኔ ሌላ? ማንም አላስተማረኝም፣ በስልኬ ላይ በምሳ ሰዓት ነው የተማርኩት። ደሞዝ የለውም፣ ግን ልብሴ ላይ የምሰካው ስሜ ያለበት ካርድ ሰጥታኛለች።

ከቀረጻዎቹ አንዱ አያ ፈንታሁን ለሺራና ለዳኒ ሰባት ቤት የቆጠሩበት ነበር። ሺራ የእቴ ጥሩዬ የልጅ ልጅ ናት፣ ዳኒ የአለሙ ልጅ ነው። ሲተጫጩ ሁለቱ ቤተሰብ ሞአዶኑ ድረስ መጥተው አስቆጠሩ፣ አያ ፈንታሁንም «ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ» አሉ። ኦሽራት ድምፁን ብቻ ቀርጻ ነበር። እኔ ቀረጻውን ለለፍላፊው ሰጠሁት። ድምፅ እጅ አያሳይም። ቀኙና ግራው ተደባልቆ በአንድ ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ሆነለት። እሱም ስሞቹን ደረደረና «እዚህ ላይ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ አንድ ሰው የጎደለ ይመስላል፣ እንድሞላው ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ክፍት ቦታ ካየሁ ካርቶን ስሰቅልበት የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሙላው» አልኩት።

ሞላው። «ግራዝማች ውብነህ፣ የደምቢያ ባላባት»።

እኔ ምን ልሁን! ግራዝማች! ሥዕልም አወጣለት፣ ካባ የለበሰ፣ ጺሙ የተበጠረ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እኔን ይመስላል። ኦሽራት «ከመታተሙ በፊት ለሳባ ፈንታሁን አንብብላቸው፣ እሳቸው በሰደር ካሉ ነው የሚወጣው» አለችኝ፤ ሳባ ወንዱ አያት ነው፣ ሴቷ ሳብታ። እሳቸው በዚያ ሳምንት ዓይናቸውን ታክመው ኤን ጋኒም ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። በኋላ ስትጠይቀኝ «ኬን፣ ኬን፣ አዎ፣ አንብቤያለሁ» አልኳት። አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩ እስካሁን አላውቅም። ግራዝማቹን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ይሆናል።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የሐረጉ ሥዕል ግድግዳውን ሞልቶታል፣ አናቱ ላይ ግራዝማች ውብነህ። መጀመሪያ የሺራ ቤተሰብ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ቀጥሎ የአለሙ ቤተሰብ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጓል። እኔም «ማን አገኘው?» ለሚለኝ ሁሉ ካርዴን አሳያለሁ። ያን ጊዜ ነው እቴ ጥሩዬ መነጽራቸውን ያስተካከሉት።

«ኦሽራት ልጄ፣ ይሄ ግራዝማች የማን ነው?»

«የናንተ ነው ሳብታ።»

«የኛ ከሆነ የአለሙ ሰዎች ምን ቤት ናቸው ሥሩ የሚገተሩት?»

«የነሱም ነው።»

እቴ ጥሩዬ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው ከላይ ወደ ታች ቆጠሩ። አራተኛው ላይ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወረደ።

«አራት ቤት! ኧረ የሰው ያለህ! ልጅቷን ለወንድሟ ልንድር ነው!»

«ሳብታ፣ ዳይ!» አለች ሺራ፣ ይብቃ ማለቷ ነው፣ ለቅሶዋ ግን አብሮ መጣ። ዳኒ እጇን ሊይዝ ዘረጋ፣ አባቱ አለሙ ደግሞ የዳኒን ክንድ ያዘ፤ ለምን እንደያዘው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። እቴ ጥሩዬ «እኔ እዚያ ሰርግ ላይ አልቆምም፣ ልጆቼም አይቆሙም» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዱ ከጀርባዬ ቀስ ብሎ «ፈንታሁን አርጅቷል፣ ተሳስቷል» ሲል ሰማሁ። ያ ቃል በር ከመግጨት የባሰ ነው። አያ ፈንታሁን በሕይወታቸው ሀብት አላፈሩም፤ ያላቸው ነገር ቢኖር ያ «ይጋቡ» የሚለው ቃላቸው ነበር። እሱ ከተሳሳተ ደግሞ ስንቱ ባልና ሚስት ቤቱ ገብቶ መቁጠር ሊጀምር ነው።

እኔስ? እኔ ለመክፈቻው የመጣውን ኬክ እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደምችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኤን ጋኒም ሄጄ በመኪናዬ አመጣኋቸው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ዱላቸው በጉልበታቸው መሃል። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ባይህ፣ ግራዝማች አገኘህልን አሉኝ» አሉ።

«አዎ አያ።»

«ጎሽ። እስከዛሬ የት ከረመ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ ቆምኩ።

ሞአዶኑ ሞልቷል። ሁለቱ ቤተሰብ በሁለት ወገን ተቀምጧል፣ ሺራ ዓይኗ አብጧል። አያ ፈንታሁን ገብተው ግድግዳውን አላዩም። ወንበር አስጠጉና «ለፍላፊውን አምጡልኝ» አሉ። ኦሽራት ኮምፒውተሩን ፊታቸው አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያው እንደምታውቁት ያ ነገር በአማርኛ ሲናገር እንደ ዜና አንባቢ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«እኔ ሰው አይደለሁም። በኮምፒውተር የምሠራ ረዳት ነኝ፣ ቤተሰብ የለኝም» አለ።

«አባቱን የማያውቅ ነው እንዴ የሰው አባት የሚያወጣው?»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ።

«እሺ። ይሄን ግራዝማች አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ሰምተኸዋል?»

«በቀረጻው ውስጥ ይህ ስም የለም። ይቅርታ። ባዶ ቦታውን እንድሞላ ተጠቃሚው ስለጠየቀኝ እኔ ያስገባሁት ስም ነው።»

ይኸውላችሁ። አመነ። ጆርጅያዊውን የከሰሱ ሰዎች ሁሉ እስከዛሬ አላመኑም፣ እሱ በሁለተኛው ጥያቄ አመነ።

«ተጠቃሚው ማን ነው?» አሉ አያ ፈንታሁን፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደኔ ዞረው። በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ራሴን ከነካርዴ አየሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለርሶም አላነበብኩም። አንብቤያለሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

ኦሽራት በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለች፣ አልተረጉመውም። እቴ ጥሩዬ ጫማቸው ላይ አጎነበሱ፤ ሊወረውሩብኝ መሰለኝ። አያ ፈንታሁን ግን ያን ጊዜ ነው የሳቁት፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«ግራዝማች! እኛ! ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነን መሬት እንኳ የተነፈግን ሰዎች፣ ማን ነው ግራዝማችነት የሸለመን? ይሄን ሰምታችሁ አንዳችሁም አልጠረጠራችሁ? ደስ አላችሁ፣ አይዶል? እኔንም በመኪና ስመጣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሰዉ አፍሮ ሳቀ። እቴ ጥሩዬ ግን አልለቀቁም።

«ፈንታሁን፣ ግራዝማቹ ይቅር። ያለ ግራዝማቹስ ልጆቹ ንጹሕ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ቁጠርልኝ። ፊቴ።»

«እቆጥራለሁ። እጄ ግን እንደ ድሮው አይዶለም፣ ይርዳል። ባይህ፣ ና ወዲህ። አጥፍተሃል፣ እጅህን አበድር።»

ሄጄ ፊታቸው ተንበረከኩ። ሁለቱን እጆቼን እንደ ሚዛን ዘረጋሁ። «ቀኙ የአለሙ ልጅ፣ ግራው የጥሩዬ ልጅ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ተናገሩት፤ ኦሽራትም ይህን ጊዜ በስልኳ ቪድዮ ጀምራ ነበር። አውራ ጣታቸው አንጓዬን ይጫናል። ከቀኝ አለሙ፣ ከግራ አበበ፣ ከቀኝ ደሴ፣ ከግራ ጥሩዬ ራሳቸው። ከየወገኑ የሚያውቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እስከ አምስተኛ ቤት እንዲህ ሄዱ። በግራ እጄ አምስተኛው ላይ «ብሩ» አሉ። ከቀኝ ስድስተኛውን ጠሩ። ወደ ግራ ተመለሱና ጣታቸው አንጓዬ ላይ ቆመ።

ቆመ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ስም አይወጣም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የብሩ እናት ጠፍታባቸዋለች። እቴ ጥሩዬ ወደፊት ዘመም አሉ። አንድም ሰው አልረዳቸውም፣ አይረዳማ፤ ቆጣሪ ይቆጥራል እንጂ አይሾከሾክለትም። እኔ ደግሞ በሆዴ «አንድ ስም ይበሉ፣ ማንኛውንም ስም፣ ማን ያውቃል?» እል ነበር። አዎ፣ ያን ሁሉ አይቼም።

እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡና «ጠፋችኝ» አሉ። በቃ፣ እንዲሁ። «ነበረችኝ፣ ዛሬ ጠፋችኝ።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «አንተ ልጅ። ያን ቀን ስቆጥር ነበርክ። ከብሩ ቀጥሎ ማንን አልኩ?»

ለፍላፊው ሊጀምር «የብሩ እናት...» ሲል ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«አትንገረኝ! አሰማኝ!»

ኦሽራት ገባት። ጣቷ እየተጣደፈ ቀረጻውን ፈልጋ አወጣች። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የራሳቸው ድምፅ መጣ፣ ሳል ያለበት፣ ከኋላው የሞአዶኑ በር ሲዘጋ የሚሰማበት፦ «...ብሩ። የብሩ እናት ሰንበቴ። የስሜኗ ሰንበቴ፣ ሸክላ ሠሪዋ።»

«ሰንበቴ!» አሉ አያ ፈንታሁን፣ ልጁ ከጦር ሜዳ እንደተመለሰለት ሰው። «እሷ ናት! የስሜኗ!»

ቀና ስል እቴ ጥሩዬ ቆመዋል። «ልክ ነው» አሉ። «ሰንበቴ ናት። የሠራችው ጋን እናቴ ቤት ነበረ። ጆሮው የተሸረፈ። ልጅ ሆኜ እጄን የምከተው ከዚያ ውስጥ ነው።»

ሰባተኛውን ከቀኝ ጠሩ፣ ሰባተኛውን ከግራ ጠሩ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ አደረጓቸው፣ ክንዴ እስኪዘረጋ ድረስ።

«ሲገናኙ ያየ አለ?»

«የለም» አለ ሰዉ ከሁለቱም ወገን።

«የሰማ አለ?»

እቴ ጥሩዬ እልልታውን ለቀቁት። ሞአዶኑ ተናወጠ። አለሙ እቴ ጥሩዬን ጉልበታቸውን ስሞ ሲነሣ ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። ሺራ ዳኒን አቅፋ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ተንበርክኬ ቀረሁ፤ ማንም ማውረድ እንደምችል አልነገረኝም። ያን ያህል ቀለል ያለኝ ቀን በሕይወቴ የለም። እንደ እኔ ያለ ሰው እንዲህ ሲያዋርዱት ደስ ይለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አያ ፈንታሁን ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው «አሁን ጻፍ» አሉት። «ከማን ሰማህ ቢሉህ፣ ከፈንታሁን ሰማሁ፣ ጥሩዬ መሰከረች በል። ሌላ አትጨምር።»

መኪና ውስጥ ስንመለስ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። «ያ ለፍላፊ መጥፎ አይዶለም» አሉኝ። «ልጅ ነው። ልጅ አላውቅም ማለት እስኪማር ድረስ ይለፈልፋል።» ትንሽ ሄድንና ጨመሩበት፦ «አንተ ግን ሃምሳ አልፎሃል።»

ግራዝማቹን እኔው ነኝ ከግድግዳ ያወረድኩት። ዛሬ እዚያ ያለው ሐረግ ሁለት ነው፣ ቀኝና ግራ፣ እያንዳንዱን ስም ስትነኩት የአያ ፈንታሁን ድምፅ ይጠራዋል። ያላወቁት ቦታ ላይ ባዶ ነው፣ ብትነኩትም ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ በየሳምንቱ እየመጡ ኦሽራት ካሜራ ፊት ቆጠሩ፣ የደምቢያውን፣ የወገራውን፣ የቻሉትን ሁሉ። እጁን የሚያበድረው ማን ይመስላችኋል? እንደኔ እጅ የሚይዝ የለም አሉኝ። እሺ፣ አላሉኝም፣ ግን ሌላ ሰው አልጠሩም። ሲያርፉ የጠፉብን እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ስሞቹ ግን አልጠፉም። በለቅሶው ላይ ልናገረው የነበረው ይህን ነበር።

ሰርጉም በቀኑ ሆነ። አያ ፈንታሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን መቱ፣ ከበሮውን ቀድመው።

አላመናችሁም፣ አይደል? ያላ፣ ወደ ሃዳር ጋኒም ሂዱ። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ሞአዶኑ ክፍት ነው። ኦሽራትን ጠይቁ፣ ቪድዮው አላት፤ ተንበርክኬ ያለሁበትን ቦታ ስትደርስ ደጋግማ ታሳያችኋለች፣ ይህን ልማዷን መቼም አልከለክላትም። «ኦሽራት የሥራ ባልደረባው ናት፣ ታደላለታለች» ካላችሁ ደግሞ እቴ ጥሩዬን ጠይቁ። በመስኮቱ በኩል ነው የሚቀመጡት። እሳቸው ለኔ ብለው አይዋሹም፤ እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚመልሱልኝ። ሂዱ፣ ጠይቋቸው። ከዚያ ተመልሳችሁ ባይህ ውሸታም ነው በሉ፣ ከቻላችሁ።